«ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ»፦ ስለ ኮሜት ጀልባ

(ግላስጎ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ሲገለበጥ የተቀነሰው ትንሽ ድግግሞሽ ብቻ ነው።)

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁት ይሰማችኋል? ጎሽ። እግዜር ይስጥልኝ።

አዘጋጆቹ «ስለ ሙያህ ንገረን» አሉኝ። ሙያዬን ታውቃላችሁ፤ የመርከብ ሞተር ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ከውሃ በታች፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ዘይትና ስለ ፒስተን ላውራ ብል ግማሾቻችሁ ታንቀላፋላችሁ። ስለዚህ እዚሁ የምንኖርበት ከተማ ውስጥ ስለሆነ ነገር ላውራችሁ።

እስቲ እጅ አውጡ። ዛሬ ወደዚህ ስትመጡ የክላይድን ወንዝ የተሻገራችሁ? አያችሁ፣ ብዙ ናችሁ። ብሩሚሎው የሚባለውን የወንዝ ዳር መንገድስ የማያውቅ አለ? የለም። በ1812 በፈረንጅ አቆጣጠር ከዚያ ቦታ አንዲት ትንሽ የእንጨት ጀልባ መመላለስ ጀመረች። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ እየቀነሳችሁ ተከተሉኝ።) ስሟ ኮሜት ነው፤ ጅራታም ኮከብ ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1811፣ ለወራት በሰማይ ላይ በታየው ትልቅ ጅራታም ኮከብ ነው የተሰየመችው። አውሮፓ ውስጥ መንገደኛ እያስከፈለች በመደበኛነት ያመላለሰች፣ ሥራውም የቀጠለላት የመጀመሪያዋ የእንፋሎት ጀልባ እሷ ናት።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ከእሷ በፊት ሰው እንዴት ይሄድ ነበር? ሁለተኛ፣ ጀልባዋ ራሷ። ሦስተኛ፣ ሒሳቡን ማን ከፈለው? ሦስተኛው ላይ ትንሽ እናደዳለሁ። ካሁኑ ታገሡኝ።

ወደ አንደኛው ልግባ።

ከግላስጎ ወደ ግሪኖክ ወንዙን ይዞ ለመውረድ ሁለት ምርጫ ነበር። በመንገድ በፈረስ ሠረገላ መሄድ አለ፤ እሱ ውድ ነው፣ ያንገጫግጫል። በውሃ በሸራ ጀልባ መሄድ አለ፤ እሱ ደግሞ ፈቃዱ የነፋስ ነው። እዚህ አገር ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ አይደል? ከምዕራብ። ወደ ባሕሩ የሚወርደው ሰው የሚሄደውም ወደ ምዕራብ ነው። ፊት ለፊት! በዚያ ላይ ክላይድ በዚያን ጊዜ ጥልቀት የለውም። ዛሬ የምታዩት ወንዝ ሰው ለብዙ ዘመን የቆፈረውና ያጠበበው ነው። የባሕሩ ውሃ ደግሞ በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ሲጎድል ጀልባው አሸዋ ላይ ቁጭ ይላል። ስለዚህ መንገደኛው ነፋስን ይለምናል፣ የባሕሩን መሙላት ይለምናል፣ በመጨረሻም ቀዛፊውን ይለምናል።

ይሄ ለእኔ ታሪክ ብቻ አይደለም። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። አክስቴ ዘጌ ነበረች። የጣናን ውሃ የምታውቁ እዚህ አላችሁ፤ ጠዋት እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ይሄን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ከጎሕ በፊት ተነስተው፣ ረፋድ ላይ እንጨታቸውን አራግፈው ይጨርሳሉ። እኔ ልጅ ሆኜ አክስቴ ዘንድ ቡና ስንለቅም ረፈደብንና ወደ ውሃው ወረድን። ባለታንኳው ሽማግሌ ቀና ብሎ ዛፉን አየ። ቅጠሉ ይወዛወዛል። «የኔ ልጅ፣ ነገ» አለኝ። አልቅሼ ለመንኩት። «ነገ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም! አክስቴ ዘንድ አደርኩ፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት የጠበቀኝን አልነግራችሁም። እንግዲህ ከኮሜት በፊት በክላይድ ላይ የነበረው መንገደኛ ሁሉ ያንን «ነገ» ሲሰማ የኖረ ሰው ነው።

ሁለተኛ። ጀልባዋ።

የጀልባዋ ባለቤት ሄንሪ ቤል ይባላል። በ1767 ቶርፊከን በምትባል መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ የወፍጮ መካኒኮች ናቸው። እሱ ድንጋይ ጠራቢነት ጀመረ፣ ወፍጮ መሥራት ተማረ፣ መርከብ የሚሠራበት ቦታ ሠራ፣ ለንደን ሄዶ ትልቅ መሐንዲስ ዘንድ ሠራ፣ ተመልሶ ግላስጎ ውስጥ አናጢ ሆነ። አንድ ቦታ የማይረጋ፣ ሐሳብ የማያልቅበት፣ ገንዘብ ግን የማይበረክትለት ዓይነት ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ሁላችንም ቤተሰብ ውስጥ አንድ አለ! አትሳቁ፣ አለ።

ኋላ ላይ እሱና ሚስቱ ማርጋሬት ከግሪኖክ ማዶ ባሕሩ ዳር ወዳለችው ከተማ፣ ሄለንስበራ ገቡ። እዚያ ሆቴል ነበራቸው፤ የባሕር ውሃ ገላ መታጠቢያ ያለው ሆቴል። ያን ጊዜ በባሕር ውሃ መታጠብ እንደ ጠበል ለጤና የሚፈለግ ነገር ነበር። ሆቴሉን የምታስተዳድረው እሷ ናት። እንግዶቹ ያሉት ግን ግላስጎ ነው። ባለጸጎቹ ነጋዴዎች ግላስጎ፣ ሆቴሉ ሄለንስበራ። መሐል ላይ ያ ነፋስ። ስለዚህ ጀልባዋን የወለዳት ሳይንስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባዶ አልጋም ወልዷታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ ስኮትላንዳውያን ጎረቤቶቻችን ይቀየሙኝ ይሆናል። ቤል የእንፋሎት ጀልባን አልፈለሰፈም። በጭራሽ አልፈለሰፈም። በ1790 ጆን ፊች የሚባል አሜሪካዊ በዴላዌር ወንዝ ላይ በእንፋሎት ጀልባ መንገደኛ ጭኗል። ጀልባው ይሠራ ነበር፤ ሰው አልመጣለትም። ከወንዙ ጎን ጥሩ የሠረገላ መንገድ ነበራ! ሰውዬው ከሠረ። በ1803 ደግሞ እዚሁ ስኮትላንድ ዊልያም ሲሚንግተን ሻርሎት ዳንዳስ የምትባል የእንፋሎት ጀልባ ሠርቶ፣ እያንዳንዳቸው 70 ቶን የሚጭኑ ሁለት ጀልባዎችን በቦይ ላይ፣ በነፋስ ፊት ለፊት፣ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ጎተተ። የቦዩ ባለቤቶች ምን አሉ? ማዕበሉ የቦያችንን ዳር ይንደዋል አሉና አስቀሩት። በ1807 ደግሞ ሮበርት ፉልተን ከኒው ዮርክ እስከ ኦልባኒ 240 ኪሎ ሜትሩን በ32 ሰዓት ሄደ። እሱ ተሳካለት፤ ግን አሜሪካ ነው።

ታዲያ ቤል ምን አደረገ? ሰዎችን ሰበሰበ። ቀፎውን፣ የጀልባዋን አካል ማለቴ ነው፣ ጆን ውድ ግሪኖክ አጠገብ ባለችው ፖርት ግላስጎ ላይ ሠራለት። ሞተሩን ጆን ሮበርትሰን ሠራለት፤ 165 ፓውንድ። ቦይለሩን፣ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣውን ጋን፣ ዴቪድ ኔፒየር ሠራለት፤ 27 ፓውንድ። ኔፒየር ያን ጊዜ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ፣ 165 እና 27። ሦስተኛው ነጥብ ላይ እንፈልጋቸዋለን።

ጀልባዋ 13 ሜትር ገደማ ናት። ይሄ አዳራሽ እንኳ ከእሷ ይረዝማል። ኃይሏ ሦስት ወይም አራት የፈረስ ጉልበት። ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር አንድ ብቻ። ሞተሩ በአንድ ጎን፣ ቦይለሩ በሌላው ጎን ተቀምጦ ሚዛን ይጠብቃሉ። ቦይለሩ ዙሪያውን በጡብ ተገንብቷል፤ ጀልባ ውስጥ የጡብ ግንብ! ኔፒየር ሲያስታውስ፣ የቦይለሩን የውስጥ ቱቦ መጀመሪያ ቀልጦ በቅርጽ በሚፈስ ብረት ሞክረው እምቢ አላቸው፤ ከዚያ በሚቀጠቀጥ ብረት ሠሩት፣ እሱ ሆነ። የሙያ ባልደረቦቼ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባቸዋል። መጽሐፍ አልነበረም። ሞክሮ፣ ተሰንጥቆ፣ እንደገና ሞክሮ ነው።

የጭስ ማውጫውን ደግሞ እንደ ምሰሶ ተጠቀሙበት፤ ሸራ ሰቀሉበት። ቤል ነፋስን አልተወም፤ ሲያገኝ ይጠቀምበታል። ዘዴኛ ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት መቅዘፊያ ጎማ ነበራት፣ በድምሩ አራት። አልሠራም። የፊተኛው ጎማ ውሃውን ወደ ኋላ ከገፋው በኋላ የኋለኛው የሚይዘው ውሃ ቀድሞ እየሸሸ ነው፤ ምን ላይ ይርገጥ? አንዱን ጥንድ አወጡትና በአንድ ጥንድ ሄደች። በሙከራዋ ከፖርት ግላስጎ ብሩሚሎው በሦስት ሰዓት ተኩል ደረሰች።

አሁን ከሁሉ የምወደው ነገር መጣ። ሞተሩ አይደለም። ማስታወቂያው ነው።

በኦገስት 1812 ቤል በጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣ። ምን ይላል መሰላችሁ? ጀልባዋ በነፋስ፣ በአየርና በእንፋሎት ኃይል ትሄዳለች ይላል። መንገደኛ ብቻ ነው የምትጭነው ይላል። ከብሩሚሎው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ትነሳለች። ከግሪኖክ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ትነሳለች። እሑድ የለም፤ የዚያን ዘመን ስኮትላንድ ነው። ዋጋ፦ ጥሩው ካቢን አራት ሽልንግ፣ ሁለተኛው ሦስት ሽልንግ። ከዚህ ዋጋ በላይ ለአሽከርም ሆነ ጀልባዋ ላይ ለሚሠራ ለማንም ምንም አይከፈልም። ጉርሻ የለም! ቁርጥ ዋጋ! ከሥር ደግሞ፣ ሆቴሌም እንደ ቀድሞው እያገለገለ ነው ይላል። አያችሁት ብልጠቱን?

እስቲ አስቡት። ቀን አለው። ሰዓት አለው። ዋጋ አለው። ቀድሞ ግን ጀልባው የሚነሳው እንደ ሚኒባሳችን ነበር። «መቼ ነው የሚነሳው?» «ሲሞላ!» መርካቶ ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ፣ ያ አንድ ሰው አርባ ደቂቃ ሲፈጅ የጠበቃችሁ ታውቁታላችሁ። ቤል ያመጣው አዲስ ነገር እሱን ማስቀረቱ ነው። ሞተሩን ሌሎችም ሠርተዋል። ሞተሩን በሰዓት ላይ አስሮ፣ ዋጋ ለጥፎ፣ ለሰፊው ሕዝብ ያቀረበው ግን እዚህ አገር እሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ማስታወቂያው አንድ ቀዳዳ ትቷል። «እኩለ ቀን ላይ፣ ወይም ከዚያ በኋላ እንደ ባሕሩ ሁኔታ» ይላል። ነፋሱን አሸንፏል፤ የባሕሩን መሙላትና መጉደል ግን አላሸነፈም። ይሄን ሐቅ ጋዜጣ ላይ ጽፎ ገንዘብ መቀበሉን አደንቃለሁ። ዛሬ ቢሆን በደቃቃ ፊደል ከግርጌ ነበር የሚጻፈው።

ጉዞው ምን ይመስል ነበር? ካፒቴኑ ዊልያም ማኬንዚ ቀድሞ የሄለንስበራ አስተማሪ ነበር። ከሠራተኞቹ መሐል ባግፓይፕ፣ ያንን የስኮትላንድ ባለ ከረጢት ዋሽንት፣ የሚነፋም ነበር። ሙዚቃ አለ፣ ካቢን አለ፣ ጭስ አለ። አንዳንዴ ጉልበቷ ሲደክም መንገደኞቹ ራሳቸው ፍላይዊሉን፣ ያንን ከባድ የብረት ጎማ፣ በእጃቸው እያዞሩ ያግዟት ነበር ብሎ የዚያን ዘመን ሰው ተርኳል። ሦስት ሽልንግ ከፍለህ ሞተሩን አንተው ታዞራለህ! የሸራ ጀልባ ካፒቴኖቹ ደግሞ አልወደዷትም። አንዱ፣ የእንፋሎት ጀልባ ባለፈች ቁጥር ሠራተኞቹን አንበርክኮ «በሰይጣን እሳትና ድኝ ሳይሆን በእግዚአብሔር ነፋስ ስለምትሄዱ አመስግኑ» ይላቸው ነበር ይባላል። ጸሎቱ ከልብ ይሁን ከገበያ ፍርሃት፣ እናንተው ፍረዱ።

ሦስተኛ። ሒሳቡ።

ቁጥሮቹን ይዛችኋል? 165 እና 27። ኔፒየር በኋላ ሲናገር፣ ቤል ለሥራው የሦስት ወር የተስፋ ሰነድ እንደሰጠውና ገንዘቡ ተከፍሎ እንደማያውቅ ተናግሯል። እዚህ ላይ ነው የምናደደው። እኔም አንድ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው ድርጅት ውስጥ፣ መርከቡን ወደብ ላይ ሌት ተቀን ጠግነን፣ «ደመወዛችሁ በሚቀጥለው ወደብ» ተባልን። በሚቀጥለው ወደብም «በሚቀጥለው ወደብ» ተባልን። የተራበ መካኒክ ሞተሩን በደንብ ይሰማል ብላችሁ ነው? አይሰማም። ስለዚህ ታሪክ ላይ «ቤል ሠራ» የሚል ሳነብ፣ የኔፒየር 27 ፓውንድ ትዝ ይለኛል።

ግን ቤልም አልበለጸገም፤ ይሄንንም ልናገርለት ይገባል። መንገዱ እንደሚያዋጣ ለሰው ሁሉ አሳየ፤ ሰው ሁሉ ገባበት። ገና በዓመቱ፣ በ1813፣ ኤልዛቤት የምትባል ከኮሜት የምትበልጥና የምትፈጥን ጀልባ መጣች። የሠራት ማን ይመስላችኋል? ያው ጆን ውድ! ጀልባ ሠሪ ምን ቸገረው። ኮሜት በገዛ ወንዟ ላይ ኋላ ቀረች። ቤል ወደ ምሥራቁ ባሕር ወሰዳት። ኋላም አስረዘማት፣ ከ1819 ጀምሮ ወደ ምዕራብ ደጋማው አገር፣ በኦባን በኩል ወደ ፎርት ዊልያም ላካት። በክረምት፣ በዚያ ኃይለኛ ሞገድ ላይ፣ በዚያች ሞተር! በዲሴምበር 1820 ክሬግኒሽ በሚባል ቦታ ሞገዱ ድንጋይ ላይ ጣላትና ለሁለት ተሰበረች። ቤል ራሱ ተሳፍሮ ነበር። ደግነቱ ሰው አልሞተም።

ሁለተኛ ኮሜት ተሠራች። የእሷ ታሪክ ከባድ ነው። በኦክቶበር 1825፣ በሌሊት፣ ጉሮክ አጠገብ ኤር ከምትባል ሌላ የእንፋሎት ጀልባ ጋር ተጋጨች። በደቂቃዎች ውስጥ ሰመጠች። ከስድሳ በላይ ሰው አለቀ። ኮሜት መብራት አላበራችም ነበር። ኤር ደግሞ ሰዎቹን ሳታነሳ ወደ ግሪኖክ ሄደች።

ይሄን ሳነብ ቀይ ባሕር ትዝ ይለኛል። ሞተር ክፍል ያለ ሰው ምንም አያይም። የሚሰማው ከላይ የሚመጣውን ትእዛዝ ብቻ ነው። አንድ ሌሊት ድንገት ደወሉ ጮኸ፤ «ሙሉ ኃይል ወደ ኋላ»። ምን እንደሆነ አይነግሩህም። ታዞራለህ፤ መርከቡ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ አንተ ትጠብቃለህ። ኋላ ስንወጣ ነገሩን፤ መብራት የሌለው የአሣ አጥማጆች ሳንቡክ ፊታችን ነበር። ለጥቂት ተረፉ። ሰዎቹ ፋኖስ ለመግዛት ገንዘብ አጥተው ይሆናል። በ1825 የነበረችው ኮሜት ግን የሚከፍል መንገደኛ የጫነች ናት። ፋኖስ ስንት ነው? እስቲ ንገሩኝ፣ ፋኖስ ስንት ነው?

ቤል ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ፤ በ1830 ሄለንስበራ ላይ ሞተ። በመጨረሻ ዕድሜው የክላይድ ወንዝ አስተዳደር በዓመት 100 ፓውንድ ጡረታ ቆርጦለት ነበር። ወንዙ የዓለም የመርከብ ፋብሪካ ለመሆን የተነሳው በእሱ ምክንያት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው 100 ፓውንድ ብዙ ነው ትላላችሁ? እኔ አልልም። ሐውልት ግን በደንብ ሠርተውለታል፤ አንዱ ሄለንስበራ ባሕሩ ዳር ቆሟል። ሮበርትሰን ግን የሠራው ሞተር ራሱ ሐውልቱ ነው፤ ከስብርባሪው ተርፎ ዛሬም ለንደን በሳይንስ ሙዚየም አለ። ለንደን ስትሄዱ ሱቅ ብቻ አትዙሩ፣ ግቡና እዩት።

ሩቅ ነው ለምትሉኝ ደግሞ ቅርብ ያለውን ልንገራችሁ። ከኩዊን ስትሪት ባቡር ይዛችሁ ሄለንስበራ ውረዱ። ሄርሚቴጅ ፓርክ ውስጥ የኮሜት ፍላይዊል ተቀምጧል፤ መንገደኞቹ አዞሩት የተባለው እሱ ነው። ልጆቻችሁን ውሰዱና አሳዩአቸው። ደግሞ በበጋ ከግላስጎ የምትነሳ ዋቨርሊ የምትባል ባለ መቅዘፊያ ጎማ የእንፋሎት መርከብ አለች፤ በ1947 ሥራ የጀመረች፣ ባሕር ላይ የምትሄድ የመጨረሻዋ የመንገደኛ ባለ መቅዘፊያ ጎማ የእንፋሎት መርከብ ናት። ሞተሯ ሲሠራ መንገደኛው ቆሞ ማየት ይችላል። የቦይለሩን ሙቀት ፊታችሁ ላይ ትሰሙታላችሁ። እኔ እዚያ ቆሜ ማንም ሰው ሲያናግረኝ አልወድም፤ ባለቤቴ ምስክር ናት።

በመጪው በጋ አብረን እንሂድ ብለን ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግረናል። ወረቀቱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የልጆቻችሁን ዕድሜ ጭምር ጻፉልን፣ ትኬቱ በዕድሜ ስለሚለያይ። እና እባካችሁ፣ መነሻው ሦስት ሰዓት ከሆነ ሦስት ሰዓት ነው። የሐበሻ ቀጠሮ ብሎ የሚጠብቅ ካፒቴን የለም።

ቡናው እስኪደርስ ጥያቄ ካላችሁ ልቀበል። እዚያ ጋ እጅ ያወጡት እናቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ።